የአያ ፈንቴ ካውያና የእንግሊዞቹ ባልዲ

ደብረ ማርቆስ የገባሁት ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ነው። የመጣሁት አክስቴን እንጉዳይን ላስተዛዝን ነበር። ባሏ አያ ፈንቴ ካረፉ ሦስት ሳምንት ሆኗቸዋል፤ እኔ ቀብራቸው ላይ አልደረስኩም። ዓባይን ከተሻገርን ጀምሮ የማስበው ለአክስቴ ምን እንደምላት ብቻ ነበር። እሳቸውን የሚመጥን፣ ማንም ለማንም ብሎት የማያውቅ ቃል ፈለግሁ። ደጀን ላይ አንድ አገኘሁና ሉማሜ ሳልደርስ ጣልኩት።

ባጃጁ ልብስ ሰፊዎቹ ከተደረደሩበት መንገድ ሲታጠፍ ሽታው መጣ። በእርጥብ ጨርቅ የተሸፈነ የሱፍ ሱሪ ላይ የጋለ የከሰል ካውያ ሲያርፍ የሚወጣው ሽታ ነው። ትንሽ የበግ፣ ትንሽ የአመድ፣ ትንሽ ደግሞ የሱሪው ባለቤት ላብ አለበት። እስካሁን በከሰል ካውያ የሚተኩስ ሰው መኖሩ ገረመኝ። ሾፌሩን "እዚሁ አውርደኝ" አልኩትና የቀረውን መንገድ በእግሬ ተያያዝኩት።

እነ አያ ፈንቴ ቤት የኖርኩት ሰባተኛ ክፍል የተማርኩ ዓመት ነው። ቤተሰቦቼ ከአማኑኤል ወጣ ብሎ ያለ ቀበሌ ገበሬዎች ናቸው፤ የቀበሌያችን ትምህርት ቤት ደግሞ ስድስተኛ ላይ ያልቅ ነበር። አባቴ ብዙ ካመነታ በኋላ ማርቆስ እህቱ ዘንድ አመጣኝ። ሊመለስ ሲነሳ በረንዳው ላይ ቆሞ አንድ ውል አስገባኝ።

"አማርኛውንማ እኛም እናውቀዋለን" አለኝ። "ከተማ የገባሽው ለእንግሊዝኛው ነው። በመንፈቅ ዓመቱ እንግሊዝኛውን ታላለፍሽ ትመለሻለሽ፤ እንዳታዝኝብኝ።"

መመለስ ማለት ትምህርቱ አበቃ ማለት ነበር። አባቴ ክፉ ሰው አይደለም፤ ነገር ግን ያለውን ሳያደርግ አይቀርም። እኔም የማውቀው እንግሊዝኛ ቢሰበሰብ አንድ ገጽ አይሞላም ነበር።

አያ ፈንቴ ልብስ ሰፊ ናቸው። የስፌት መኪናቸው በረንዳው ላይ፣ ከመንገዱ ትይዩ ነበረች። ከትምህርት ቤት ስመለስ ካውያውን ማቀጣጠል የእኔ ሥራ ሆነ። ከሰሉን እጨምርና ክዳኑን ዘግቼ፣ እጀታውን ይዤ ወዲያና ወዲህ አወዛውዘዋለሁ። በጎኑ ቀዳዳዎች ፍሙ ቀይ ዓይን ሲያወጣ "በቃ፣ ነቃ!" ይሉኛል። ኅዳር ላይ የማርቆስ ብርድ አጥንት ይሰብራል፤ እኔ ግን በካውያው ምክንያት እጄን በርዶኝ አያውቅም።

ጎረቤቱ ሁሉ "የኔታ" ይላቸዋል። በወጣትነታቸው ስድስት ዓመት ቅኔ ቤት ተቀምጠው፣ ሳይመረቁ አቋርጠው መጥተዋል። "የኔታ አይደለሁም፤ አልጨረስኩም" ይላሉ፤ ቢሆንም መጠሪያው ደስ ሳይላቸው አይቀርም። ፔዳሉን እየረገጡ በየቀኑ አንዲት ጉባኤ ቃና ይቆጥራሉ። ለማያውቅ ጉባኤ ቃና ማለት በግዕዝ የሚደረስ ሁለት መስመር ቅኔ ነው። ሲሞላላቸው መኪናዋን ያቆሙና ጮክ ብለው ይሉታል፤ ከዚያ ወደ ስፌታቸው ይመለሳሉ። የሚሰማቸው እኔና ሱሪያቸው እንዲጠብላቸው የመጡ መንገደኞች ነን። አክስቴ ከውስጥ ሆና "ቅኔው ቀርቶ የሰው ሱሪ ቢያልቅ ምን አለ!" ትላለች።

አንድ ቀን የደረሱት ቅኔ ደስ አለኝ። ትርጉሙን ሙሉ በሙሉ አልተረዳሁም፤ ዜማው ግን ጆሮዬ ውስጥ ቀረ። በማግስቱ ካውያውን እያወዛወዝኩ "አያ ፈንቴ፣ የትናንቱን ይድገሙልኝ" አልኳቸው።

መኪናዋን ቀጥ አደረጓት። "የትናንቱን? ልጄ፣ ትናንት የተባለ ቅኔ ዛሬ አይባልም። አልቋል።"

"ለምን ያልቃል?"

"ቅኔ ቤት አብሮን የሚማር አንድ ልጅ ነበር። ጎበዝ ነው። አንድ ቀን አልሞላለት ሲል ሌላ አገር የሰማውን ቅኔ የራሱ አስመስሎ ለየኔታ ነገረ። ሲጨርስ 'ይህን ከማን ቤት ወሰድኸው?' አሉት። ይኸው ነው፤ አልተቆጡም፣ አልመቱትም። ልጁ በነጋታው አኩፋዳውን አንግቶ ጠፋ። የእንጀራ ሌባ ምሕረት ያገኛል፤ ርቦት ነው። የቃል ሌባ ግን ምን ሊል ነው?"

ይህን ሲናገሩ ድምፃቸው ቀጠነ። ያ ልጅ እሳቸው ራሳቸው ይሆኑ ይሆን ብዬ ለብዙ ጊዜ ጠርጥሬያለሁ። መጠየቅ ግን ፈራሁ። የሰው ቃል ወስዶ መናገር ነውር እንደሆነ ግን በዚያ ቀን አንጀቴ ውስጥ ገባ።

የእንግሊዝኛ አስተማሪያችን ቲቸር ዘሃራ ትባላለች። ከጅማ ነው የመጣችው። አማርኛን የተማረችው ትምህርት ቤት ገብታ ስለሆነ ቃሎቿን መርጣ፣ አንድ በአንድ ነው የምትናገረው። ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ሰሌዳውን በጠመኔ ለሁለት ከፈለችው። በአንዱ ወገን "ሜታፎር"፣ በሌላው "ኢዲየም" ብላ ጻፈች። በመጀመሪያው ሥር "ጊዜ ሌባ ነው"ን በእንግሊዝኛ አሰፈረች። ይህ አልከበደንም፤ ጊዜ ምን እንደሚሰርቅ ማንም ያውቃል። በሁለተኛው ሥር "ኪክ ዘ ባኬት" የሚል ጻፈች።

"ባልዲውን በእግሩ መታ ማለት ነው" አለችን። "ትርጉሙስ? ሞተ።"

እጄን አወጣሁ።

"ባልዲ የመታ ሰው ሁሉ ይሞታል?"

"አይሞትም።"

"ታዲያ ለምን ባልዲ ሆነ?"

"ትርንጎ፣ ኢዲየም 'ለምን?' ተብሎ አይጠየቅም" አለች እየሳቀች። "ሜታፎርን ብታስቡበት ታገኙታላችሁ። ኢዲየምን ግን ሰው ካልነገራችሁ በቀር አታገኙትም። እኔም አማርኛ ስጀምር ሰዎች 'ሆድ ባሰኝ' ሲሉ ሆዳቸውን የታመሙ ይመስለኝ ነበር። አንዷን ጎረቤቴን እንዲያውም ጤና ጣቢያ ልወስዳት ተነስቻለሁ።"

'ለምን?' ተብሎ አይጠየቅም መባሌ አልዋጥልህ አለኝ። ሳምንቱን ሙሉ ቦኖ ውኃ ስቀዳ ባልዲዎቹን እየዞርኩ ነበር የማልፋቸው፤ እግሬ እንዳይነካቸው። እንግሊዞች ባልዲያቸውን የት ነው የሚያስቀምጡት ብዬም አሰብኩ። ደብተሬ ላይ እኔም ሁለት መደብ አሰመርኩና የሰፈሩን አማርኛ መልቀም ጀመርኩ። አክስቴ ስለ ጎረቤቷ "ዓይኑን በጨው አጥቦ መጣ" ስትል ሮጬ እጽፋለሁ። "ስነግረው ጆሮ ዳባ ልበስ አለኝ" ስትል እጽፋለሁ። ስንት ዓመት ስሰማው ዳባ የመነኩሴ ልብስ መሆኑን፣ ጆሮ ልብስ እንደማይለብስ አንድም ቀን አላሰብኩም ነበር። አሁን ግን ሰው አፉን በከፈተ ቁጥር ከየትኛው መደብ እንደሆነ እለይ ነበር። ጥሩ ጨዋታ ነው፤ ሰውን ግን ያሰለቻል። አክስቴ "ይቺ ልጅ አፌን ልትቆልፈው ነው" አለች።

ባልዲውን አያ ፈንቴ ዘንድ ወሰድኩት። እንግሊዝኛ አያውቁም፤ ስለዚህ ተርጉሜ ነገርኳቸው። ፔዳሉን አቆሙ። ሁለት ቀን አሰቡበት። በሦስተኛው ቀን ጠርተው አስቀመጡኝና እንደ መጻሕፍት ትርጓሜ አተቱልኝ።

"ጻፊ። አንድም ባልዲ የተባለ ሥጋ ነው፤ ውኃው ነፍስ። ባልዲው ሲመታ ውኃው ይፈስሳል። አንድም ባልዲ የዚህ ዓለም ኑሮ ነው፤ ዛሬ ሞልቶ ነገ ይጎድላል። አንድም ሰውየው ውኃ ሊቀዳ ወርዶ ባልዲው አደናቅፎት ወድቆ ነው።"

"ሦስተኛው ነው!" አለች አክስቴ ከውስጥ።

ቲቸር ዘሃራ ደብተሬን አንብባ ለብቻዋ ብዙ ሳቀች። ከገጹ ግርጌ በቀይ እስክርቢቶ "በጣም ጥሩ፤ ግን አይደለም" ብላ ጻፈችበት።

ገና አልፎ የጥምቀት ሰሞን ሲደርስ በረንዳው በሰው ተጨናነቀ። "ለጥምቀት ያልሆነ ቀሚስ ይበጣጠስ" እያሉ ሴቶቹ አያ ፈንቴን ቁም ስቅላቸውን አሳዩአቸው። እኔ ደግሞ በአንድ እጄ ካውያ፣ በሌላው ደብተር ይዤ ለፈተናው አነባለሁ። ቲቸር ዘሃራ አምስት ኢዲየሞች ሰጥታናለች። ጮክ ብዬ እየደጋገምኩ ሁሉንም በቃሌ ያዝኳቸው። አያ ፈንቴም እየሰፉ ይሰሙኛል።

ፈተናው ከጥምቀት በኋላ ሆነ። የመጀመሪያው ክፍል ሜታፎርና ኢዲየም መለየት ነበር፤ አንድም አልሳትኩም። ሁለተኛው ክፍል ባዶ ቦታ ሙሉ ይላል። "ሽማግሌው ታመው ሰነበቱና ትናንት" ይልና መስመር ተሰምሮበታል፤ እንዲህ ያሉ አምስት ናቸው። ለመጀመሪያው የሚፈለገው ባልዲው እንደሆነ አውቄያለሁ። ብዕሬ ግን አልሄድልህ አለኝ። ከሰሌዳ የወሰድኩትን የሰው ቃል የራሴ አስመስዬ ልጽፍ? ቲቸር ዘሃራም ፈተናውን ስታድል "የሰው እንዳትገለብጡ፤ የራሳችሁን ሥሩ" ብላለች። "ይህን ከማን ቤት ወሰድሽው?" የሚል ድምፅ መጣብኝ። ስለዚህ የራሴን ቆጠርኩ። ባለችኝ እንግሊዝኛ "ካውያቸው ቀዘቀዘ" ብዬ ጻፍኩ። ምስጢር ላወጣችው ሴት "ገበሩን ገለበጠችው" አልኩ። ሰው ላታለለው ልጅ "ያለ ክር ሰፋው" አልኩ። የቀሩትን ሁለቱንም ከዚያው ከስፌት ቤት አመጣሁላቸው። ከክፍሉ ስወጣ በሕይወቴ እንደዚያ ቀን ኩራት ተሰምቶኝ አያውቅም።

ሐሙስ ወረቀቱ ተመለሰ። ሁለተኛው ክፍል ከአሥር ዜሮ ነው። የመንፈቅ ዓመቱ ድምር አርባ አራት ሆነ፤ ማለፊያው ሃምሳ ነው። አባቴ ቅዳሜ ለገበያ ይመጣል፤ ካርዴን ሊያይ።

እያለቀስኩ በረንዳው ላይ ደረስኩ። አያ ፈንቴ ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ማንበብ ስለማይችሉት እያንዳንዱን አስተረጎሙኝ። "ካውያቸው ቀዘቀዘ" ስላቸው ቀና ብለው አዩኝ።

"ይህን ራስሽ ነሽ ያልሽው?"

"እኔ ነኝ።"

"ዜሮ ሰጠችሽ?"

"ዜሮ።"

"ለምን የተማርሽውን አልጻፍሽም?"

"የሰው ቃል ነዋ! እርስዎ አይደሉ የቃል ሌባ ያሉኝ?"

ወረቀቱን ደጋግመው አገላበጡት። ለጥምቀት ቀሚሷ ያልደረሰላት ሴት መጥታ ስትጮህባቸው እንኳን አልሰሟትም። በማግስቱ ጧት ጋቢያቸውን ደርበው "ተነሽ፣ እንሂድ" አሉኝ። የትምህርት ቤቱን በር ሲገቡ የመጀመሪያቸው ነበር።

ቲቸር ዘሃራ ባዶ ክፍል ውስጥ ወረቀት ታርም ነበር። ብድግ ብላ ወንበሯን ለቀቀችላቸው።

"መምህር" አሉ አያ ፈንቴ ሳይቀመጡ፣ "ጥፋቱ የእኔ ነው። እኔ ባደግሁበት ቤት የራሱን ሠርቶ የመጣ ይመሰገናል፤ የሰው ይዞ የመጣ ያፍራል። ልጅቱን በዚህ አበላሸኋት።"

"አባባ፣ የጻፈችው ቆንጆ ነው" አለች ቲቸር ዘሃራ። "ኢዲየም ግን አይደለም። እሷ የሠራችው ሜታፎር ነው። ኢዲየም የሁሉም ሰው ነው፤ አይነካም።"

"ባልዲውን በእንስራ ብንለውጠውስ?"

"እንስራው ይሰበራል እንጂ ሰው አይሞትም።"

አያ ፈንቴ ሳቁ። ከዚያ መስኮቱን እያዩ አሰቡ። ጠመኔ የቀባው የመስኮት ጠርዝ ላይ እጃቸውን አሳርፈው ቆዩ።

"እንግዲያው ቅኔ አይደለማ" አሉ ቀስ ብለው። "ሰላምታ ነው። ጧት ጎረቤቴን 'እንዴት አደሩ?' ስለው ከማንም አልሰረቅሁም። አዲስ ልፍጠር ብልም ያበደ ነው የሚለኝ።"

"እንደሱ ነው" አለች ቲቸር ዘሃራ። "እንደሱ አድርጌ ማስረዳት ነበረብኝ። ነጥብ በልመና አልሰጥም፤ ግን እዚሁ በቃሏ ልጠይቃት። የመለሰችውን እይዝላታለሁ።"

ወደ እኔ ዞረች። "ትርንጎ፣ አንደኛው። ሽማግሌው ታመው ሰነበቱና?"

አውቀው ነበር። አፌ ውስጥ ነበር። አያ ፈንቴ ግን አጠገቤ ቆመዋል፤ እሳቸው ፊት የሰው ቃል ከአፌ ሊወጣ አልቻለም። የተናገሩት ሁሉ ገብቶኛል፤ ምላሴ ግን አልገባውም። በሐሳቤ አባቴን በረንዳው ላይ ቆሞ፣ ጓዜን ሚኒባሱ ላይ ጭኖ አየሁት። ቲቸር ዘሃራ ጠበቀችኝ። አሁንም ጠበቀችኝ። ብዕሯን ልታስቀምጥ እጇን ዝቅ አደረገች።

አያ ፈንቴ ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ቅኔ ሊሉ ሲነሱ እንደሚያደርጉት ጋቢያቸውን አስተካከሉ፤ ደረታቸውን ነፉ።

"ኪኪ ዘባኬት" አሉ ጮክ ብለው።

ትናንት ያሉትን የራሳቸውን እንኳን ደግመው የማያውቁት ሰው፣ ከእኔ አፍ የሰሙትን የእንግሊዝ ቃል፣ ያውም አጣመው፣ አስተማሪዬ ፊት ቆመው ደገሙት። ፊታቸው ፍም መስሏል። ያን ጊዜ ምን እንደከፈሉልኝ ገብቶኝ ነበር፤ ለዚህም ነው ልሳቅ ላልቅስ ያጣሁት። አፌ ተከፈተ። የቀሩትን አራቱን በአንድ ትንፋሽ አወረድኳቸው።

"አንደኛውን እርስዎ ስለመለሱት ለእሷ አይያዝላትም" አለች ቲቸር ዘሃራ፤ ዓይኗ ግን ይስቅ ነበር። ስምንት ጨመረችልኝ።

ቅዳሜ አባቴ ካርዱን ፀሐይ ላይ አውጥቶ አገላብጦ አየው። "ሃምሳ ሁለት" አለ። "ማለፊያው ሃምሳ ነው አይደል? ሁለቷስ ምንድን ናት?"

"መራቂ ናት" አሉ አያ ፈንቴ ከመኪናቸው ቀና ሳይሉ።

አባቴ ካርዱን መለሰልኝና ብቻውን ወደ አማኑኤል ሄደ። እኔ ካውያውን አነሳሁና ከሰል ጨመርኩበት።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ አክስቴ በር ደረስኩ። በረንዳው ላይ ለቅሶ ደራሾች የተቀመጡበት አግዳሚ አለ። የስፌት መኪናዋ በነጠላ ተሸፍናለች፤ ካውያው ከሥሯ ተቀምጧል። ጎንበስ ብዬ ነካሁት። ቀዝቅዟል። በሰባተኛ ክፍል እንግሊዝኛዬ የጻፍኩት ቃል ትዝ አለኝ። መንገዱን ሙሉ ስፈልገው የነበረው ይኸው አጠገቤ ነበር፤ የራሴ፣ ማንም ያላለው፣ እሳቸውን የሚመጥን።

አክስቴ ጥቁር ነጠላዋን አዘቅዝቃ ወጣች። አርጅታለች። ተቃቅፈን አለቀስን። ከዚያ ፊቷን አየሁትና የያዝኩትን ቃል ተውኩት።

"እግዚአብሔር ያጽናሽ፣ አክስቴ" አልኳት። "ነፍሳቸውን ይማርልሽ።"

"አሜን" አለች። ዓይኗን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች። "እኔማ አንችም እንደሱ አዲስ ነገር ይዘሽብኝ ትመጫለሽ ብዬ ፈርቼ ነበር።"

አግዳሚው ላይ ጠጋ ብላ አጠገቧ አስቀመጠችኝ።